ለጓሮ ዶሮዎች አዲስ መጨመር፦ ጫጩት፣ ቄብ ወይስ የደረሰች ዶሮ?

በጎንደር ግቢዎች ከአራት እስከ አሥር ዶሮ የሚያረባ ቤተሰብ ብዙ ነው። ዶሮዎቹ ሲያረጁ፣ ለበዓል ሲታረዱ ወይም ጭላት ሲነጥቃቸው ቁጥሩን መሙላት የግድ ይሆናል። ያኔ አማራጩ ይበዛል፦ ከቅዳሜ ገበያ የሀበሻ ዶሮ መግዛት፣ የሁለት ወር ቄብ ከአሳዳጊ ማምጣት፣ ልትጥል የደረሰች የፈረንጅ ዶሮ መፈለግ፣ የአንድ ቀን ጫጩት ማሳደግ፣ ወይም ያለችውን ዶሮ እንቁላል ማስታቀፍ።

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ዋጋ አይቶ ነው። ገንዘብ የሚጠፋው ግን ከግዢ በኋላ ባለው አንድ ወር ነው። አዲሷ ዶሮ በሽታ ይዛ ገብታ ነባሮቹን ትጨርሳለች፤ ነባሮቹ ሳይታመሙ ተሸክመውት የኖሩት በሽታ አዲሷን ይጥላታል፤ ወይም ነቁረው ከመኖና ከውኃ ያርቋታል። ስለዚህ መጀመሪያ ሊመለስ የሚገባው ጥያቄ አንድ ነው፦ የመጀመሪያውን ወር በደንብ ለይቼ ማቆየት የምችለው የትኛዋን ነው?

ከመግዛትዎ በፊት የሚመዘኑ ነገሮች

*ቦታ።* ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ዶሮ የሚለው ልክ ለበጋ ይሠራል። 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ቤት በዚህ ስሌት 16 ይይዛል፤ በሐምሌና በነሐሴ ግን ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ ከውስጥ ስለሚውሉ ከ12 ባይበልጡ ይሻላል። ቆጥ ላይ ለእያንዳንዷ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር፣ መመገቢያ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ለ4 ወይም ለ5 ዶሮ አንድ የእንቁላል መጣያ ሳጥን ያስፈልጋል። ቆጡ ከጠበበ ጠቡ ማታ ይጀምራል። ተገፍታ መሬት ላይ የምታድር ዶሮ እርጥብ ኩስ ላይ ስለምትተኛ ትታመማለች፤ ሸለምጥማጥም መጀመሪያ የምታገኘው እሷን ነው።

*በሽታ፣ በሁለቱም አቅጣጫ።* ፈንግል ቫይረሱ ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ይችላል። ገበያ ላይ ጤነኛ የመሰለች ዶሮ ከሳምንት በኋላ አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአተነፋፈስ ችግርና የአንገት መጠማዘዝ ልታሳይ ትችላለች፤ ፈንግል ደግሞ መድኃኒት የለውም። በተቃራኒው ነባር ዶሮዎች ኮክሲዲያን (አንጀት የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ) ሳይታመሙ በኩሳቸው ይረጩታል፤ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ያለ ጫጩት እዚያው መሬት ላይ ከዋለ ደም የቀላቀለ ኩስ ያሳይና ይሞታል። ነባሮቹ ያልተከተቡ ከሆኑ አዲሶቹ ከመምጣታቸው ቢያንስ 2 ሳምንት ቀድመው ይከተቡ፤ መከላከያው እስኪገነባ ይህን ያህል ጊዜ ይፈልጋል።

*የሰውነት መጠን።* ትንሿ ቄብ ከትልልቆቹ ጋር ስትገባ ማምለጥ እንጂ መመከት አትችልም። በመጠን የምትቀራረበው ከ14 እስከ 16 ሳምንት ሲሞላት ነው።

*መኖና ጊዜ።* እንቁላል ጣይ የሆነች ቡናማ የፈረንጅ ዶሮ 18 ሳምንት እስኪሞላት ከ6 እስከ 6.5 ኪሎ መኖ ትበላለች፤ ከዚህ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንታት የሚሄደው ከ2 ኪሎ ያንሳል። ማለትም የሁለት ወር ቄብ የገዛ ሰው ገና 4.5 ኪሎ ያህል መኖ ይጠብቀዋል። የቄቧን ዋጋ ከ4.5 ኪሎ የታዳጊ መኖ ዋጋ ጋር ደምረው ከደረሰች ዶሮ ዋጋ ጋር ያስተያዩት። እንደ ሳሶ ያሉ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ ዝርያዎች ሰውነታቸው ስለሚከብድ ከዚህ በላይ ይበላሉ።

*ቀን ግቢ ውስጥ የሚውል ሰው።* ይህ ከሁሉም በላይ ለጫጩት ይወስናል። ሁሉም ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ በሚገባበት ቤት የአንድ ቀን ጫጩት አይያዝም።

የሁለት ወር ቄብ (ከ45 እስከ 60 ቀን)

ለአብዛኛው የጎንደር ግቢ የምንመክረው ይህን ነው። በዚህ ዕድሜ ላባዋ ሞልቷል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ነፋስ የማይገባበት ደረቅ ቤት ካገኘች ያለ ማሞቂያ ታድራለች። ጫጩቶች በብዛት የሚሞቱበትን ጊዜም አሳዳጊው ተሸክሞላታል። አውራውም ይለያል፦ እግሩ ይወፍራል፣ በራሱ ላይ ያለው ሥጋ ቀድሞ ይቀላል፣ ቁመቱም ይመዘዛል። ሻጩ ሳይለይ ከሰጠዎት ግማሹ አውራ ሊሆን ስለሚችል እርስዎ ራስዎ መርጠው ይውሰዱ።

ስለ ክትባት ሲጠይቁ "ተከትባለች" የሚል መልስ አይበቃም። የትኛው ክትባት በስንተኛው ቀን እንደተሰጠ በጽሑፍ ይጠይቁ። የማሬክ በሽታ ክትባት በተፈለፈለችበት ቀን፣ የፈንግል (ኤች ቢ 1 የሚባለው) በመጀመሪያው ሳምንት ገደማ፣ የጉምቦሮ በሽታ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ላሶታ (ሌላው የፈንግል ክትባት) ደግሞ በአራተኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣሉ። በጽሑፍ የሚያሳይ ከሌለ እንዳልተከተበች ይቁጠሩ፤ ማሬክን ግን በኋላ ማካካስ አይቻልም።

ጉዳቷ መጠበቋ ነው። ከተገዛች በኋላ እንቁላል ለመጀመር ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይቀራታል፤ ከትልልቆቹ ተለይታ የምትኖርበት ክፍልም ለ6 ሳምንት ያህል ያስፈልጋታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመኖው ነው። የእንቁላል ጣይ መኖ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ይደርሳል። ለታዳጊዋ 1 በመቶ ያህል ይበቃታል፤ ትርፉ ኩላሊቷን ይጎዳል። ሁሉንም በአንድ ላይ የሚመግቡ ከሆነ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ይስጡ፤ ለሚጥሉት ደግሞ ታጥቦ፣ ደርቆና ተፈጭቶ የተዘጋጀ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ ያስቀምጡላቸው። የምትጥለዋ የሚያስፈልጋትን ያህል ከዚያ ትለቅማለች።

ልትጥል የደረሰች (ከ16 እስከ 20 ሳምንት)

ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል። በመጠን ከነባሮቹ ጋር ስለምትመጣጠን ግን የመለያው ወር እንዳለቀ ወዲያው መቀላቀል ይቻላል። ጉዞና የቦታ ለውጥ እንቁላሏን በ2 ወይም በ3 ሳምንት ሊያዘገየው ስለሚችል ለፋሲካ እንቁላል የሚፈልግ ሰው በሁዳዴ መጨረሻ ገዝቶ አይደርስለትም።

እዚህ ላይ የሚያጋጥመው ወጥመድ ሌላ ነው። ከእርባታ የሚወጡ፣ ዓመት ከመንፈቅ የሆናቸው እንቁላል ጣዮች "ልትጥል ነው" ተብለው ይሸጣሉ። ቄብ ከሆነች የእግሯ ቅርፊት ልሙጥና ቢጫ፣ ላባዋ ሙሉና የሚያበራ፣ በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ገና ትንሽ ወይም መቅላት የጀመረ ነው። ያረጀችው እግሯ የነጣ፣ ጥፍሯ የረዘመ፣ የጀርባና የአንገት ላባዋ የተበላ፣ በራሷ ላይ ያለው ሥጋ ትልቅና የተንጠለጠለ ትሆናለች። ምንቃሯ የተቆረጠ ዶሮ ዕድሜዋ ምንም ይሁን ምን መሬት ጭራ ለመብላትም ሆነ ለመከላከል ይቸግራታል፤ ከሀበሻ ዶሮ ጋር ለመቀላቀል አትመችም።

የሀበሻ ዶሮ ከገበያ

የሀበሻ ዶሮ ጓሮን ታውቀዋለች። ጭላት ስታይ ትደበቃለች፣ ጭራ ትበላለች፣ ትታቀፋለች። በዓመት የምትጥለው ግን ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው፤ በደንብ የተያዘች የፈረንጅ ጣይ ወደ 300 ትደርሳለች። ክብደቷ ትንሽ ቢሆንም በጠብ የፈረንጇን ታሸንፋለች፤ ስለዚህ ነባሮቹ ፈረንጆች ከሆኑ የምትጎዳው አዲሷ ላትሆን ትችላለች።

ከሁሉም አማራጮች በሽታ ይዛ የመግባት ዕድሏ ከፍተኛ የሆነው እሷ ናት። ከብዙ ቀበሌ የመጡ ዶሮዎች እግራቸው ታስሮ አንድ ቦታ ይከማቻሉ፤ አብዛኞቹም አልተከተቡም። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባለው ሳምንት ለእርባታ የሚሆን ዶሮ አይግዙ። ዋጋው ይንራል፣ ክምችቱ ይበዛል፣ መርጦ የመመርመር ጊዜም አይኖርም። ክረምቱ በሚገባበት ሰሞን ፈንግል ስለሚበረታም ግንቦትንና ሰኔን ማለፍ ይበጃል።

ሲገዙ በእጅዎ ይዘው እንዲህ ይመርምሩ፦

- ዓይኗ ክፍትና ጥርት ያለ፣ አፍንጫዋ ደረቅ ይሁን። ጆሮዎን ወደ ጀርባዋ አስጠግተው ያዳምጡ፤ ሲር ሲር ወይም ግር ግር የሚል ድምፅ ካለ ይተዉዋት።
- በክንፏ ሥርና በኋላዋ ዙሪያ ላባውን ገለጥ ያድርጉ። ቅማል ካለ በላባው ሥር ነጭ የእንቁላል ክምር ይታያል።
- የደረት አጥንቷን ይዳስሱ፤ እንደ ቢላ ስለት ከወጣ ከስታለች።
- ከኋላዋ በኩል ያሉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች ይለኩ። በመካከላቸው 2 ወይም 3 ጣት ከገባ እየጣለች ነው፤ 1 ጣት ብቻ ከሆነ አልጀመረችም ወይም አቁማለች።
- የእግሯ ቅርፊት ተነስቶ ከሻከረ የእግር እከክ አለባት። ይድናል፤ በቫዝሊን ወይም በዘይት በየ3 ቀኑ ለጥቂት ሳምንታት መቀባት ነው።

ወደ ቤት ዘቅዝቀው አይውሰዷት፤ አየር በሚያስገባ ቅርጫት ወይም በተበሳ ካርቶን ይሁን። እንደደረሰች መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ በኋላ መኖ።

ማስታቀፍ

ገንዘብ ለሌለውና ትዕግሥት ላለው ይህን የሚያህል የለም። ከ7 ቀን ያልበለጠው፣ ያልታጠበና አውራ ካለበት መንጋ የተገኘ ከ10 እስከ 12 እንቁላል ይመረጣል። ከሱቅ የተገዛ የእርባታ እንቁላል አውራ ስለማይደርስበት አይፈለፈልም። በ7ኛው ቀን ማታ በባትሪ ብርሃን አይተው የደም ሥር ያልታየበትን ያውጡ፤ በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል።

ሒሳቡን ግን በእውነት ያስሉት። ከ12 እንቁላል 9 ቢፈለፈል፣ ክፍት ጓሮ ላይ ሲለቀቁ ግማሽ ያህሉ በጭላት፣ በብርድና በበሽታ ሊያልቅ ይችላል፤ ከተረፉት ደግሞ ግማሹ አውራ ነው። ሁለት ቄብ ለማግኘት የወራት ልፋት ማለት ነው። እናቲቱን ከነጫጩቶቿ ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በሽቦ ከተከለለና ዶሮ ካልዋለበት ደረቅ መሬት ላይ ማቆየት ይህን ጥፋት በጣም ይቀንሰዋል። አውራዎቹም ኪሳራ አይደሉም፤ በጥር የተፈለፈለ ለእንቁጣጣሽ 7 ወር አልፎት ገበያ ይደርሳል።

ትልቁ ጥቅሙ መንጋው ውስጥ ስለሚወለዱ እናቲቱ እየተከላከለች ቀስ በቀስ ታስገባቸዋለች፤ የማቀላቀል ጣጣ የለም ማለት ይቻላል። ከውጭ የሚገባ በሽታም የለም። በክረምት ግን አያስታቅፉ፤ እርጥበቱ ጫጩት ይፈጃል።

የአንድ ቀን ጫጩት

ለ3 ወይም ለ4 ዶሮ ብለው አይግቡበት። አብዛኛውን ጊዜ በካርቶን ሙሉ ስለሚሸጥ ከጎረቤት ጋር መካፈል ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። መብራት ሲጠፋ በከሰል ለማሞቅ የሚሞክር ሰው ክፍሉን ከዘጋ ጭሱ ጫጩቶቹንም ሰውንም ይገድላል። በገለባ የተሞላ ባለ ሳጥን ማሞቂያ ያለ መብራት ይሠራል፤ የሚሞቀው ግን ጫጩቶቹ እርስ በርስ በሚሰጡት ሙቀት ስለሆነ ለጥቂት ጫጩት አይበቃም። የሚያዋጣው አንድ መንገድ ብቻ ነው፦ በእቅፍ ላይ 2 ሳምንት ያህል የቆየች የሀበሻ ዶሮ ካለች፣ ማታ በጨለማ እንቁላሎቹን አንስቶ ከ8 እስከ 10 ጫጩት ሥሯ ማስገባት፤ ከዚያም ሲነጋ ቆሞ መቀበሏን ማየት።

በአንድ ዕይታ

| አማራጭ | የግዢ ወጪ | እንቁላል እስኪጀመር | በሽታ ይዞ የመግባት ስጋት | ለማቀላቀል |
|---|---|---|---|---|
| የ2 ወር ቄብ | መካከለኛ | ከ10 እስከ 12 ሳምንት | በጽሑፍ የተከተበች ከሆነ ዝቅተኛ | 14 ሳምንት እስኪሞላት መለየት |
| ልትጥል የደረሰች | ከፍተኛ | ከ2 እስከ 6 ሳምንት | ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ | ከወር በኋላ ቀላል |
| የሀበሻ ዶሮ ከገበያ | እንደ ሰሞኑ ይለያያል | የምትጥል ከሆነ በጥቂት ሳምንት | ከፍተኛ | 30 ቀን ሳይሞላ አይሞከርም |
| ማስታቀፍ | በጣም ዝቅተኛ | 7 ወር ገደማ | የለም ማለት ይቻላል | እናቲቱ ትሠራዋለች |
| የአንድ ቀን ጫጩት | ለአንዱ ዝቅተኛ | ከ18 እስከ 20 ሳምንት | ዝቅተኛ | ከሁሉም ረጅም |

መለየትና ማቀላቀል

ዝቅተኛው የመለያ ጊዜ 21 ቀን ነው፤ የምንመክረው 30 ነው፤ በዝግታ የሚገለጡ የመተንፈሻ በሽታዎች ጊዜ ይፈልጋሉና። ቦታው ከነባሮቹ 10 ሜትር ቢርቅ መልካም ነው፤ የጎንደር ግቢ ጠባብ ከሆነ ከቤቱ ማዶ፣ ነፋሱ ከአዲሶቹ ወደ ነባሮቹ በማይነፍስበት በኩል ይሁን። ጠዋት መጀመሪያ ነባሮቹን፣ በመጨረሻ አዲሶቹን ይመግቡ። ለአዲሶቹ የተለየ ጫማ፣ መጠጫና መጥረጊያ ይኑር። በዚህ ወር የቅማልና የትል መድኃኒት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ገዝተው በመጠኑ ይስጧቸው፤ እንቁላሉ ሳይበላ የሚቆይበትን ቀንም እዚያው ይጠይቁ። የሞተች ካለች ተቆፍሮ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ወደ ቃሃ ወይም ወደ አንገረብ ወንዝ የተጣለች አንዲት ዶሮ ከታች ላሉት ግቢዎች በሽታ ልታደርስ ትችላለች።

ላሶታ በውኃ ሲሰጥ ክሎሪን ክትባቱን ይገድለዋል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ በአፉ ሰፊ የፕላስቲክ ዕቃ አሳድረው፣ ጠዋት ለ1 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ቅባት የወጣለት የዱቄት ወተት ይጨምሩበትና ክትባቱን ከዚያ በኋላ ይቀላቅሉ። ዶሮዎቹን ከ1 እስከ 2 ሰዓት አስጠምተው ይስጡ፤ በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት። ክትባቱ ከመድኃኒት ቤት እስከ ቤት በበረዶ ይምጣ።

ከ30 ቀን በኋላ አዲሶቹን ከነባሮቹ በሽቦ ብቻ ተለይተው ጎን ለጎን ከ7 እስከ 10 ቀን ያኑሯቸው፤ ይተያያሉ፣ አይነካኩም። ከዚያ ማታ ከጨለመ በኋላ አዲሶቹን በቆጡ ላይ ያስቀምጡ። ይህን የሽቦ ሳምንት ዘሎ "ማታ ካስገባኋቸው አይተዋወቁም" የሚለው ብልሃት አይሠራም፤ ሲነጋ ዶሮ ዶሮን በፊቷ ትለያለች። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ተነስተው ተጨማሪ መመገቢያና መጠጫ ከሌላ ጥግ ያስቀምጡ፣ ጎመን ከፍ አድርገው ያንጠልጥሉ፣ ጥቂት ቅርንጫፍ ወይም ኬሻ መደበቂያ እንዲሆን ያቁሙ።

አንዲትን ዶሮ ብቻዋን አያስገቡ፤ ዱላው ሁሉ በእሷ ላይ ያርፋል። ሁለት ወይም ሦስት ሲሆኑ ይከፋፈሉታል። ማባረርና ራስ ላይ አንዴ መንቆር የተለመደ ነው፤ በሳምንት ገደማ ይረጋጋል። ደም ከታየ ግን ወዲያው ያውጧት፤ ቀይ ነገር ሁሉንም ይስባል፤ ቁስሉን በጄንሺያን ቫዮሌት (ሐምራዊ የቁስል መድኃኒት) ይቀቡት። አንዷ ነባር ብቻ የምታስቸግር ከሆነ ተጠቂዋን ሳይሆን እሷን ለ3 ወይም ለ4 ቀን ያርቁ፤ ስትመለስ ቦታዋን ስለምታጣ ትለዝባለች።

ለማን የትኛው?

መለያ ክፍል ያለውና እስከ ሦስት ወር መጠበቅ የሚችል ሰው 3 ወይም 4 የሁለት ወር ቄብ ይግዛ። ልጆች ያሉት፣ እንቁላል ቶሎ የሚፈልግና የሚከፍል ቤተሰብ ልትጥል የደረሰች ይፈልግ፤ ያረጀችን እንዳይገዛ ከላይ ያሉትን ምልክቶች ይያዝ። መኖ ለመግዛት አቅም የሚያንሰው፣ ጓሮው ሰፊ የሆነ ቤት በሀበሻ ዶሮ ይቆይ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያስታቅፍ። በኪራይ ግቢ ከጎረቤት ዶሮዎች ጋር የሚቀላቀሉ ከሆነ መለየት የሚባለው ነገር የሚሆነው ሁሉም ጎረቤት ከተስማማ ብቻ ነው፤ አንድ ብልቃጥ ክትባት ለብዙ ዶሮ ስለሚበቃ በጋራ ገዝቶ በአንድ ቀን መከተብ ወጪውንም ይቀንሳል። ጎረቤት ዶሮ እየሞተ ባለበት ሰሞን ደግሞ ምንም አለመጨመር ትክክለኛው ምርጫ ነው፤ ሞቱ ከቆመ በኋላ ቤቱን ጠርጎ፣ ኖራ ቀብቶና አንድ ወር ጠብቆ እንደገና መጀመር ይቻላል።

ጊዜውን ወደ ኋላ እየቆጠሩ ይወስኑ። ለፋሲካ እንቁላል እንዲበዛ የሁለት ወር ቄብ ከበዓሉ 4 ወር ያህል ቀድማ፣ በታኅሣሥ አካባቢ ትገዛ፤ መጣል የምትጀምረው በጾሙ መካከል ነው፣ በትንሣኤ ሰሞን ሙሉ ትጥላለች። ከተቀላቀሉ በኋላ ቀጣዩ የላሶታ ክትባት ከ3 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ለአዲሶቹም ለነባሮቹም በአንድ ቀን ይሰጥ፤ ቀኑን በዶሮ ቤቱ በር ላይ በኖራ ወይም በጠመኔ ጽፈው ይተዉት።